የቀያሹ ሔሩይ ሽበት

ሔሩይ ደሳለኝ መቀሌ ውስጥ ሽማግሌ የተባለው ገና ሃያ አምስት ዓመት ሳይሞላው ነው። ማንም አልሾመውም፤ ራሱ ላይ የበቀለው ነው የሾመው። በ1999 ዓ.ም. ከደብረ ሲና መጥቶ ሓወልቲ አካባቢ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት ቀያሽ ሆኖ ሲቀጠር፣ ጆሮ ግንዱ ላይ ጥቂት ጥቁር ፀጉር ቀርቶት ነበር። ሁለት ዓመት ሳይሞላ እሷም ነጣች። ከዚያ ወዲህ ጭንቅላቱ የተባዘተ ጥጥ ሆነ። ከሩቅ ያየው ሰው ተነስቶ መንገድ ይለቅለታል፤ ቀረብ ብሎ የልጅ ፊቱን ሲያይ ደግሞ «እኚህ አባት እንዴት ያሉ ያማረባቸው ናቸው!» ይላል።

ሽበቱ ለሥራው በጅቶታል። ሁለት ጎረቤታሞች በአንድ ክንድ መሬት ሲካረሩ ሔሩይ መሣሪያውን ተክሎ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ «ድንበሩ እዚህ ጋ ነው» ካለ ነገሩ አለቀ። «ኣቦይ ካሉ ይሁን» ይባላል፤ አባቴ ማለታቸው ነው። ከእሱ በፊት የነበረው ጥቁር ፀጉራም ቀያሽ በዚያው መሣሪያ ለክቶ፣ በዚያው ቦታ ድንጋይ ተወርውሮበታል።

በዚህ ሁሉ የሚንገበገበው ሾፌሩ ሓዱሽ ነበር። ሓዱሽ ሃምሳ ዓመት ያለፈው የመቀሌ ልጅ ነው፤ ፀጉሩ ግን ከሰል ነው። በየሄዱበት ወንበር የሚቀርበው ለሔሩይ ነው፤ ሓዱሽን ደግሞ «ወደይ፣ እስቲ ያቺን ውሃ አቀብለን» ይሉታል፤ ልጄ ማለታቸው ነው።

«እኔ እኮ ይህን ልጅ መውለድ እችላለሁ!» ይላል ሓዱሽ መኪናው ውስጥ ሲገቡ፣ መሪውን በጥፊ እየመታ።

«ተው ወደይ፣ ታላቅህን አክብር» ይለዋል ሔሩይ።

ሔሩይ ግን በሽበቱ የሚኮራው ለወንበሩ ብቻ አልነበረም። የአባቱ ወገኖች «እኛ ነጭ ራሶች» ነው የሚባባሉት። ጥበብ ሌላውን ሰው በስተርጅና ስትጎበኝ እነሱን በወጣትነት ትጎበኛለች ብለው ያምናሉ። አያቱ በሠላሳ አምስት ዓመቱ ሸበተ፤ አባቱ ደሳለኝ በሃያ አምስት፤ ሔሩይ ራሱ በአሥራ ዘጠኝ ጀመረው። ጥበብ በየትውልዱ መቸኮሏ ለቤተሰቡ ትልቅ ደስታ ነበር። ደሳለኝ በሠላሳ ዘጠኝ ዓመቱ ደሙ አልቆ፣ ድዱ እየደማ መሞቱን ግን ከሽበቱ ጋር ያያያዘው ሰው የለም። የሔሩይ እናት፣ ልጆቿ «እታለም» የሚሏት፣ ስልሳ ዓመት እየተጠጋት እንኳ አንዲት ነጭ ፀጉር አልነበራትም። የባሏ እህቶች በዚህ ያዝኑላት ነበር። «አንቺ ጥቁር ራስ፣ ምክሩን ለኛ ተዪው» ይሏት ነበር።

በ2006 ዓ.ም. መሥሪያ ቤቱ ግቢ ውስጥ የደም ልገሳ ድንኳን ተተከለ። ሓዱሽና ሔሩይ ተከታትለው ገቡ። ነርሷ ሀፊሳ ትባላለች፤ ቤተሰቦቿ ከወሎ መጥተው መቀሌ በንግድ የኖሩ ናቸው። ሔሩይን ስታይ ከወንበሯ ተነሳች።

«አባቴ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ ግን ከስድሳ አምስት ዓመት በላይ አንቀበልም።»

«ሃያ ዘጠኝ ነኝ።»

ሓዱሽ ከት ብሎ ሳቀ። ሀፊሳ መታወቂያውን አየች፣ ፊቱን አየች፣ መታወቂያውን ደግማ አየችና ጣቱን ወጋችው። ደሙ አነሰ። ያስደነገጣት ግን ማነሱ አልነበረም። ሓዱሽ ደሙን ሰጥቶ፣ ብስኩቱን በልቶ፣ ጭማቂውን ጠጥቶ ሲጨርስ የሔሩይ ጣት ገና ጥጡን ያርስ ነበር።

«አባቴ ልበልህ ወንድሜ ልበልህ ግራ ገብቶኛል» አለች ሀፊሳ፣ «ብቻ ነገ ሆስፒታል ሂድ። ነገ ስልህ የሚቀጥለው ሳምንት ማለቴ አይደለም።»

ሄደ። ሙሉ የደም ምርመራ ተደረገለት፤ ቀይ የደም ህዋሱም ነጩም ደም የሚያረጋውም አንሶ ተገኘ። ቀጥሎ ከዳሌ አጥንቱ መቅኔ ተቀዳ። ውጤቱን ይዞ የጠበቀው ዶክተር ባርናባስ ከሔሩይ ብዙም የማይበልጥ፣ ግንባሩ ሰፊ፣ ረጋ ያለ ሰው ነበር። መጀመሪያ «እርስዎ» አለ፤ ካርዱ ላይ ዕድሜውን ሲያይ «አንተ» ብሎ ቀጠለ። የተሰነጣጠቁትን ጥፍሮቹን አገላብጦ አየ። ምላሱን አስወጥቶ እዚያ ያለውን ነጭ ነገር አየ። አንገቱ ላይ ያለውን እንደ መረብ የተዥጎረጎረ ቆዳ በጣቱ ተከተለ። ከዚያ ስለ አባቱ ጠየቀው።

ሔሩይ ደስ አለው። ወንበሩን አመቻችቶ ከአያቱ ጀመረ፤ ማን በስንት ዓመቱ እንደሸበተ፣ ማን ማንን እንዳስታረቀ እስከ አጎቶቹ ድረስ ዘረዘረ። ባርናባስ ይጽፋል።

«እነዚህ ሁሉ በስንት ዓመታቸው ሞቱ?» አለ በመጨረሻ።

ሔሩይ አፉን ከፈተ። ቆጠረ። ማናቸውም ሃምሳ አምስት አልደረሱም። አፉን ዘጋ።

«የቤተሰብ በሽታውን እንዲህ እየኮራ የነገረኝ ሰው አንተ ብቻ ነህ» አለ ባርናባስ፣ ፈገግ ብሎ። ብርድ ይለው ስለነበር ሔሩይ ጋቢ ለብሷል፤ ሐኪሙ ጎንበስ ብሎ የጋቢውን ጫፍ ያዘ። «ይህቺ ምንድን ናት?»

«የጋቢው ቁጭት።»

«ለምን ትቋጫለች?»

«ጨርቁ እንዳይተረተር ነዋ።»

«በያንዳንዱ ህዋስህ ውስጥ ያለው የዘር ክርም ጫፉ ላይ እንዲህ ያለ ቁጭት አለው። ህዋሱ በተባዛ ቁጥር ትንሽ ትንሽ ያልቃል። የሌላው ሰው ለሰማንያ ዓመት ይበቃዋል፤ እናንተ ግን አጭር ይዛችሁ ነው የምትወለዱት፤ ልጅ ከአባቱ ያጠረ ይዞ ይወለዳል። መቅኔ ደግሞ እረፍት የለውም፤ ቀንም ሌትም ደም ይሠራል። ስለዚህ ቀድሞ ይደክማል። ሽበቱም ጥፍሩም ከዚያው ነው።»

«ጥበብ አይደለም ማለት ነው?»

«ጥበቡን እንጃ፤ እሱ በደም ምርመራ አይገኝም።»

ሔሩይ ሊስቅ አስቦ ነበር፤ ባርናባስ ግን አልጨረሰም። መቅኔው እየሳሳ ሲሄድ የቀሩት ጥቂት ህዋሶች የሁሉንም ሥራ እንደሚሸከሙ፣ ሲባዙ ሲባዙ እንደሚሳሳቱ ነገረው። «አንዷ ስህተቷን ይዛ ከሌሎቹ በላይ መሮጥ ከጀመረች፣ በባዶ ማሳ ላይ አረም እንደሚበረታው ነው፤ ሜዳው የሷ ይሆናል። ያኔ የደም ካንሰር ይባላል። ሁሉም ላይ አይደርስም። አንተ ላይ ይድረስ አይድረስ፣ መቼ ይድረስ አላውቅም። እኛ የምንችለው ቀድመን ማየት ነው፤ ደምህን በየሦስት ወሩ፣ መቅኔህን በየዓመቱ። እህት ወንድም አለህ?»

አንዲት ታናሽ እህት አለችው፤ የኔአለም፣ ደብረ ሲና። ያንኑ ቀን ደወለላት።

«ፀጉርሽ እንዴት ነው?»

«ምን ማለትህ ነው ጋሼ? ጥቁር ነዋ፤ የእታለምን ነው የወረስኩት።»

ሔሩይ እግዚአብሔርን አመሰገነ፤ ለባርናባስም ይህንኑ ነገረው። ለዘር ምርመራ ወደ ውጭ አገር የተላከው የደሙ ናሙናም ከብዙ ወራት በኋላ የባርናባስን ቃል አጽንቶ ተመለሰ።

አራት ዓመት እንዲህ አለፈ። ሔሩይ ቀጠሮውን አክብሮ ይሄዳል፤ የሚያደርሰው ሓዱሽ ነው። የሰጡት እንክብል ለሁለት ዓመት ያህል ደሙን ከፍ አደረገለት፤ ከዚያ መሥራቱን አቆመ። ደም በሚያስፈልገው ጊዜ ሓዱሽ ተራ ሲደርሰው ይለግሳል። ሔሩይም ከሆስፒታል በወጣ ቁጥር ባጃጅ ነጂዎችን መሳደብ ይጀምርና «ይቅርታ፣ የሾፌር ደም ገብቶብኝ ነው» ይላል። ድንበር መለካቱን አላቆመም። ኮረብታ መውጣት ሲያቅተው ከታች ሆኖ ይለካል፤ ሰዉም «ኣቦይ ከታችም ያዩታል» ይላል።

በ2011 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ትኩሳት ያዘው። ጠዋት ትራሱ ላይ ከድዱ የወረደ ደም አገኘ፤ ክንዱ ላይ ማንም ሳይመታው በለዘ። ባርናባስ መቅኔውን ቀዳና ከሁለት ቀን በኋላ አስጠራው። በዚህ ቀን ቀልድ አልነበረም። መሳሳት የጀመሩት ህዋሶች በዝተዋል፤ ነገሩ ወደ ደም ካንሰር ተሻግሯል።

«ቀድመን ነው ያየነው» አለ ባርናባስ። «አባትህ ይህን ዕድል አላገኙም። መድኃኒቱ ብቻውን አያድንህም፤ የሌላ ሰው መቅኔ መተካት አለበት። አገር ቤት አይሠራም፤ ሕንድ ትሄዳለህ። መጀመሪያ የሚስማማ ሰጪ እንፈልግ።»

ሓዱሽ ወደ ቤት ወሰደው። ሔሩይ እንዳ ኢየሱስ ካለው ኪራይ ቤቱ በር ላይ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ቀረ። ከኮረብታው የሚወርዱት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች እየተሳሳቁ ያልፋሉ። ዕድሜያቸው ከእሱ በአሥር ዓመት ቢያንስ ነው።

«ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው፣ ሓዱሽ» አለ። «ሽማግሌ ሆኜ ጨረስኩ፤ ወጣት ግን ሆኜ አላውቅም።»

«ኣጆኻ፣ አይዞህ» አለ ሓዱሽ።

የኔአለም በሳምንቱ አውቶቡስ ተሳፍራ መጣች። ሠላሳ ዓመቷ ነው፤ ፀጉሯ ጥቁር፣ ሻሿ ከራሷ የማይወርድ፣ ወንድሟን አቅፋ የማትለቅ። ደሟ ተወስዶ ተላከ። ውጤቱ ሲመጣ ከወንድሟ ጋር ሙሉ በሙሉ ገጠመ። መሥሪያ ቤቱ ተደሰተ፤ ሰፈሩ እጁን ዘረጋ፤ ፓስፖርት ወጣ። አንድ ቀጠሮ ብቻ ቀረ፤ ባርናባስ እሷን ራሷን መርምሮ የሚፈርምበት።

በዚያ ቀን የኔአለም የሓዱሽ መኪና የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። የወደቀ ወረቀት ለማንሳት ጎንበስ ስትል ሻሿ ተንሸራተተ። ሓዱሽ በመስታወቱ አያት። ወዲያው የሆስፒታሉን በር አልፎ ሄደ።

«አለፍከው እኮ» አለ ሔሩይ።

«አየሁት» አለ ሓዱሽ፣ መኪናውን እያዞረ። ዓይኑ ግን መስታወቱ ላይ ነበር።

ወንድምና እህት ገቡ። ሓዱሽ ኮሪደሩ ላይ ወዲያ ወዲህ ተንጎራደደ፤ ቆቡን አወለቀ፣ አጠለቀ። ከዚያ ሳያንኳኳ በሩን ከፍቶ ገባ። ባርናባስ ብዕሩን አንስቶ ነበር።

«ዶክተር ይቅርታ። ይህች ልጅ ፀጉሯን ትቀባለች።»

«አልቀባም!» አለች የኔአለም፤ ሁለት እጇን ራሷ ላይ አደረገች።

«ሥሩ ወጥቷል። ከጆሮሽ ጀርባ።»

ሔሩይ ተቆጣ። «ሓዱሽ፣ አንተ ስለ ሴት ፀጉር ምን ታውቃለህ?»

ሓዱሽ ቆቡን አውልቆ ደረቱ ላይ ያዘ። ፊቱ ቀላ። «ስለ ሴት ፀጉር አላውቅም» አለ። «ስለ ቀለሙ ነው የማውቀው። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ እኔም እቀባለሁ።»

መጀመሪያ የሳቀው ሔሩይ ነው፤ ድዱ እየደማ፣ ሆዱን ይዞ፣ በሁለት ወር ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ። «ወደይ ሲሉህ ከርመህ…» እያለ መጨረስ አቃተው። ሓዱሽም ሳይወድ ሳቀ። የኔአለም ግን ሻሿን አውርዳ ታለቅስ ጀመር። ሥሩ ነጭ ነበር፤ ልክ እንደ ሔሩይ ጥጥ።

«ከአሥራ ሰባት ዓመቴ ጀምሮ ነው» አለች። «ያኔ የቀባሁት ማን ያገባኛል ብዬ ነው። አሁን ግን ጋሼ፣ ከነገርኳቸው አይቀበሉኝም፤ ካልተቀበሉኝ ትሞታለህ ብዬ ነው። እታለምን እንኳ እንዳትናገር አፏን አዘግቻታለሁ።»

ባርናባስ ብዕሩን አስቀመጠ። ተነስቶ ከጎኗ ተቀመጠ። የሷም መቅኔ ያንኑ አጭር ቁጭት ይዞ እንደተወለደ፣ ለወንድሟ ቢሰጥ የደከመን ማሳ በደከመ ዘር መዝራት እንደሚሆን፣ እሷንም እንደሚጎዳት አስረዳት። «ጥፋቱ የኔም ነው» አለ። «ለወንድምሽ በስልክ ያልሽውን አምኜ አምስት ዓመት ሳላይሽ ቆየሁ። ከዛሬ ጀምሮ አንቺም ቀጠሮ አለሽ።» የሷም ደም ተመርምሮ ትንሽ ዝቅ ብሎ ተገኘ፤ የሚያስጨንቅ ግን አልነበረም።

«ታዲያ ማን ይስጠው?» አለች።

ባርናባስ አሰበ። «በሽታው በአባታችሁ በኩል ነው የመጣው። እናት ሁልጊዜም ከልጇ ግማሽ ትገጥማለች፤ በግማሽ ግጥሚያም መቅኔ የሚተኩ ሐኪሞች አሉ። እናታችሁ ፀጉራቸው…»

«ጥቁር!» አሉ ሁለቱም በአንድ ድምፅ።

«የእውነት?» አለ ባርናባስ፣ ወደ ሓዱሽ እያየ።

እታለም መቀሌ ስትደርስ ሓዱሽ ራሱ የፀጉሯን ሥር እንዲያይ ተጠየቀ፤ ይቅርታ እየጠየቀ አይቶ መሰከረ። የእግዜር ጥቁር ነው። ልቧም ሳንባዋም ተመረመረ፤ ከሁለቱ ልጆቿ ይልቅ ጤነኛ ሆና ተገኘች። «የባሌ እህቶች ይህን ቢሰሙ» ብላ አንዴ ብቻ ተናገረች፤ ሌላ አልጨመረችም። አያስፈልግም ነበር። የኔአለም በማግሥቱ ደብረ ሲና ደውላ ለሁሉም ነግራለች።

በሕንድ የሆነውን ሔሩይ ሲያወራ ራሱን እምብዛም አያነሳም። ሐኪሞቹ የቤተሰቡን በሽታ አስቀድመው በማወቃቸው መድኃኒቱን አለዝበው እንደሰጡት፣ ለሌላው ካንሰር በሚሰጡት ኃይል ቢሰጡት ሳንባውና ጉበቱ እንደማይችሉት ይናገራል። አፉ ቆስሎ ውሃ መዋጥ ያቃተውን፣ ሁለት ጊዜ ትኩሳት ወስዶ የመለሰውን በአጭሩ ያልፈዋል። የሚያስረዝመው የእናቱን ነው። እታለም መቅኔዋ ተቀድቶ ከማደንዘዣው ስትነቃ፣ ማንም በማይሰማት አማርኛ «ወሰዱለት? ይበቃዋል? ካልበቃው ጨምሩለት» እያለች ነርሶቹን አስጨነቀች። ከዚያ በኋላ አርባ ቀን ከመስታወቱ ወዲያ ማዶ ተቀምጣ በምልክት «ብላ» ስትለው ኖረች። በሃያ ሁለተኛው ቀን ነጭ የደም ህዋሱ ከፍ ማለት ሲጀምር ወረቀቱን ያሳዩት ለሷ ነው፤ ገልብጣ ይዛው አለቀሰች።

ነሐሴ 2011 ላይ ቁሓ አውሮፕላን ማረፊያ ሲያርፉ የተቀበላቸው ሰው ፀጉሩ ነጭ ነበር። ሔሩይ በመጀመሪያ አላወቀውም። ሓዱሽ ቀለሙን ትቶታል።

«አሁን ሰው ወንበር ይለቅልኛል» አለ ሓዱሽ፣ ራሰ በራውን ሔሩይን ከሩቅ ሰላም እያለ፤ አትቀፈው ተብሏልና። «ባንተ የደረሰውን ግን ሰምቻለሁ። ደምህ ሲመረመር የሴት ሆኖ ይወጣል አሉ፤ እውነት ነው?»

«የእታለም መቅኔ ነው የሚሠራው፤ እና የእታለም ደም ነው።»

«ዋይ! አባትነቱ ቀርቶ ከእንግዲህ ኣደይ ሔሩይ ልበልህ?»

«አንቺ ሾፌር፣ ዝም ብለሽ ንጂ» አለች እታለም ከኋላ፤ ለሓዱሽ ስትናገር ወንዱን ሴት ማድረግ ከዚያ ቀን ጀምሮ ልማድ አደረገችው።

ሔሩይ ሙሉ በሙሉ አልዳነም። ባርናባስ ይህን አልደበቀውም፤ አዲሱ መቅኔ ደሙን እንጂ ሳንባውንና ጉበቱን አይለውጥለትም። ዳገት ሲወጣ ሦስት ጊዜ ያርፋል። እንደሱ ሄደው እንደሱ ያልተመለሱ ብዙ መሆናቸውንም ያውቃል። ከሕዳር ጀምሮ ግማሽ ቀን ሥራ ገባ፤ አፉንና አፍንጫውን በጭምብል ሸፍኖ፣ እጁን በየሰዓቱ እየታጠበ፣ የሰውን እጅ ሳይጨብጥ። መሥሪያ ቤቱ ሳቀበት። «ኮርቷል» አሉ፤ «ሕንድ ደርሶ መጥቶ እጃችንን ተጸየፈ።» አንድ ባለጉዳይ ሌባ መስሎት ለዘበኛው ነገረ።

መጋቢት 2012 ላይ ኮሮና ገባ ተባለ። በሳምንቱ ከተማው በሙሉ ጭምብል ፍለጋ ወጣ። የሳቁት ሁሉ አንድ በአንድ ወደ ጠረጴዛው መጡ፤ ከሁለት ሜትር ርቀት ላይ ቆመው ጭምብሉ በየት በኩል እንደሚታሰር፣ ሳሙናው ስንት ደቂቃ እንደሚታሽ ይጠይቁታል። ሔሩይ በቀስታ ያሳያቸዋል። አንዱን ብቻ ትንሽ አሰቃየው፤ ለዘበኛው የነገረውን። አምስት ጊዜ አሳጠበው።

በሚያዝያ የየኔአለም የሦስት ወር ቀጠሮ ደረሰ። መቀሌ ቀርታ ሓወልቲ አንድ ቢሮ ሥራ ይዛለች፤ ፀጉሯንም አትቀባም። ወንድምና እህት የሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ በመካከላቸው ሁለት ባዶ ወንበር ትተው ተቀምጠዋል።

«ጋሼ» አለች፤ «እኔም ላይ ቢመጣስ?»

ሔሩይ አትፍሪ ሊላት አልፈለገም፤ እሱ ራሱ ፈርቷልና።

«ከመጣ ቀድመን እናየዋለን» አለ። «ደግሞ እታለም ከአሁኑ ተዘጋጅታለች። ‹ለልጄም ያስፈልጋት ይሆናል› ብላ ጠዋት ማታ ምስርና ጎመን ነው የምትበላው። እኔንም አብራ ታበላኛለች፤ ምስር አንገፈገፈኝ።»

የኔአለም በጭምብሏ ውስጥ ስትስቅ ነርሷ ስሟን ጠራች። ገብታ ከሩብ ሰዓት በኋላ ወጣች። ውጤቱ ከባለፈው ጋር እኩል ነበር።